ኮከብ የጠፋባቸው ሰብአ ሰገል

ግመል ሲጫን እንደሚያጉረመርም አውቃለሁ። ሰብአ ሰገል ሲያጉረመርሙ ግን በዚህ ዕድሜዬ ገና መስማቴ ነው። የልጄ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ትማራለች። የልደትን ታሪክ እንደ አዲስ የሚተርኩ ዘመናዊ ግጥሞችን አነጻጽራችሁ፣ አንድ የራሳችሁንም ጽፋችሁ አምጡ ተብላ ወረቀቷን ታቅፋ እኔ ዘንድ መጣች። «አባባ፣ እርስዎ ቅኔ ቤት ስለነበሩ ይገባዎታል» አለችኝ። የዛሬ ልጅ ሥራ ሊያሠራ ሲፈልግ ማሞገሱን ይችልበታል።

በመጀመሪያ የሰጠችኝ የቲ. ኤስ. ኤሊዮትን ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1927 በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ይህ ስለ ሰብአ ሰገል ጉዞ የጻፈው ግጥም ወጣ። አዲስ ተጠማቂ ነውና ደስታው ገንፍሎ ይፈሳል ብዬ መነጽሬን ወልውዬ ተቀመጥኩ። ምን ደስታ አለ! ከተጓዦቹ አንዱ አርጅቶ ያን መንገድ ያወራል፤ ወሬው ሁሉ ብርድ፣ የግመሎቹ እግር መቁሰል፣ የግመል ነጂዎቹ መጠጥና ሴት ፍለጋ መጥፋት፣ የየመንደሩ ሰው ዋጋ መቆለል ነው። ድሮ ከአዲስ አበባ ደሴ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ሁሉ ይህንኑ አውርቷል፤ ግጥም ነው ብሎ ያሳተመው ግን አላየሁም።

ይሁን፣ መንገድ አድካሚ ነው። ሲደርሱስ? ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ቦታውን አገኘነው፣ ደኅና ነበር ብሎ እብስ! ኮከብ የለም። ሕፃኑ አይታይም። እመቤታችን የለችም። ወርቁ፣ ዕጣኑ፣ ከርቤው የት እንደገባ ጠያቂ የለም። እንግዲህ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጠው ለአራስ ጥየቃ ባዶ እጃቸውን መጡ ማለት ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ይህን ጉድ ሴቶቹ እስከ ክርስትናው ድረስ ባነሱት ነበር።

ልጅቱ ሳቋን አፍና ጨመረችልኝ። ኤሊዮት ራሱ አወራ እንደሚባለው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ግማሽ ጠርሙስ ጂን ከፍቶ ሊጽፍ ተቀመጠ፤ ምሳ ሲደርስ ግጥሙም ጂኑም አለቁ።

«ይኸው! ኮከቡ የጠፋው ለዚህ ነዋ!» አልኳት።

መክፈቻውን ወድጄው ነበር። እሱም ለካ የራሱ አይደለም፤ ላንስሎት አንድሩስ የተባሉ ጳጳስ እ.ኤ.አ. በ1622 ለገና በንጉሥ ጄምስ ፊት ከሰበኩት ስብከት የወሰደው ነው። ትእምርተ ጥቅስ አኑሮበታል፤ ይህን አልነፍገውም። የእኛዎቹ ወጣት ገጣሚዎች ግማሽ መጽሐፍ ሲወስዱ እንኳ ያቺን ምልክት ይሠስቷታል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ያዘኝ። ተጓዦቹ ከብርዱ ወጥተው አንድ ለምለም ሸለቆ ሲደርሱ ሦስት ዛፎች ይታያሉ፤ ወረድ ብሎ ደግሞ ደጃፍ ላይ ሰዎች በብር ቁማር ይጫወታሉ። ሰሙ ማንም መንገደኛ አይቶት የሚያልፈው ተራ ነገር ነው። ወርቁስ? ዛፎቹ ቀራንዮ ላይ የሚቆሙት ሦስቱ መስቀሎች ናቸው። ብሩ ይሁዳ የተቀበለው ብር ነው፤ ቁማሩም ወታደሮቹ በጌታ ልብስ ላይ የተጣጣሉት ዕጣ። ተጓዡ ይህን ከየት ያውቃል? ሕፃኑ ገና መወለዱ ነው! አይቶ ያልፋል፤ ደንግጦ የሚቀረው አንባቢው ነው። «ይበል!» ልል አፌን ከፍቼ፣ ልጅቱ እያየችኝ ስለነበር ሳልኩ።

ቀጥሎ የአየርላንዱ ዬትስ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1914 የወጣ ነው። አጭር ነው ስትለኝ ደስ አለኝ፤ ቤቱን ብቆጥር ስምንት፣ ልክ እንደ መወድስ። የእሱ ሰብአ ሰገል ደግሞ ግመልም ጓዝም የላቸውም፤ ድርቅ ያለ ባለቀለም ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸው ገርጥቶ ሰማይ ላይ ተንሳፍፈዋል። ቀራንዮን አይተው አልረኩም። እንደገና ወደዚያ በረት ወለል አፍጥጠው ሌላ ነገር ይጠብቃሉ። እኔ የምለው፣ እነዚህ ሰዎች ምን ቢደረግላቸው ነው የሚረኩት? ሥራውን ግን ሸማኔ እንኳ እንዲህ ጥብቅ አያደርገውም፤ አንድ ክር አይመዘዝበትም።

የእንግሊዛዊው ገጣሚ የኦደን ግን መቼም አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1944 የታተመ፣ በመዘምራን እንዲዜም የታሰበ ሙሉ ኦራቶሪዮ ነው፤ የሙዚቃ ደራሲው ቤንጃሚን ብሪተን ሊያዜመው ታስቦ ከጥቂት ክፍሎች በቀር ሳያዜመው ቀረ። አልፈርድበትም። አረጋዊው ዮሴፍ፣ በእኛ ሥዕል ሁሉ ነጭ ጢሙን አውርዶ በትሩን ተደግፎ የሚቆመው ዮሴፍ፣ እዚህ መጠጥ ቤት ቁጭ ብሏል! ከወዲያ ደግሞ ስለ እጮኛው እየተሳለቁ ነገር ይወረውሩበታል። በሽማግሌ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም፤ ነገ ወደ እኛም ይመጣል።

ሄሮድስንም አምጥቶታል። ንግግሩ ግጥም እንኳ አይደለም፣ ዝርው ነው። በግዛቱ መንገዱ ሰላም ስለመሆኑ፣ በየማደሪያው ለስላሳና ሳንድዊች በደኅና ዋጋ ስለመገኘቱ ያወራል። ሕፃናት ሊያስፈጅ የተነሳ ሰው የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ያቀርባል! እሱ ክፉ መሆን እንደማይወድ፣ እንዲያውም በዚህ ሁሉ የተጎዳው እሱ እንደሆነ ይነግረናል። መጀመሪያ ወረቀቱን ወረወርኩት። ቆየት ብዬ ግን እኔ ራሴ የተቀመጥኩባቸውን ስብሰባዎች አስታወስኩ፤ ከመድረኩ የሚመጣውን ያን ለስላሳ ድምፅ፣ ያን «በዝርዝር ገምግመናል» የሚለውን። ወረቀቱን አነሳሁት። ኦደን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1941 ለሞተችው እናቱ መታሰቢያ እንዳደረገው ስትነግረኝ ደግሞ ከዮሴፍ በቀር ሌላውን ይቅር አልኩት።

ይህን ሁሉ ስል ልጅቱ ዝም ብላ ቆይታ መጽሐፍ ቅዱሱን ከራስጌዬ አወረደች። «አባባ፣ ማቴዎስ ላይ ግመል የቱ ጋ ነው? ሦስት መሆናቸውስ?»

የለም። ማቴዎስ ቁጥራቸውን አልተናገረም፤ ግመሉም ከኢሳይያስ 60 የመጣ ነው። ይህን ለእኔ ትነግረኛለች! መጨመርማ አባቶቻችንም ጨምረዋል። ማቴዎስ የግብፅን ስደት በጥቂት ቁጥር ነው የጨረሰው፤ በወርኃ ጽጌ ሌሊቱን ቆመን የምንሰማው ሰቆቃወ ድንግል ግን ጥሙን፣ ድካሙን፣ የእናቲቱን እንባ አንድ በአንድ ይዘረዝረዋል። እነሱ የጨመሩት ወደ ሕፃኑ ሊያስጠጉን ነው። እነዚህኞቹ ግን የጨመሩትን ሁሉ ከምረው በር ዘግተውብናል፤ ግጥሙ ሲያልቅ ገጣሚውን ከነቅሬታው አውቀዋለሁ፣ ሕፃኑን ግን አላየሁትም።

የገጣሚዋን የሌቨርቶቭን ብሥራት ብዙ አልነቅፍም። እ.ኤ.አ. የ1989 ነው፤ መልአኩ ድንግል መልስ እስክትሰጠው ቆሞ ይጠብቃል፣ እሷም መርጣ እሺ ትላለች። ጨዋ ግጥም ነው።

የሩሲያዊው የፓስተርናክ ነው ያሸነፈኝ። ሞስኮ ስማር «ዶክተር ዢቫጎ» የተባለው ልቦለዱ የተከለከለ መጽሐፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ጣሊያን አገር ታትሞ በማግስቱ ዓመት ደራሲው የኖቤል ሽልማቱን እንዲተው ተገደደ። የልደት ኮከብ ግጥሙ ከልቦለዱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ለልጅቱ በሩሲያኛ ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፤ ምንም አልገባትም፣ እኔ ግን ደስ አለኝ። ቤተ ልሔም ላይ የሩሲያ ክረምት አውርዶባታል። ሕፃኑ ዋሻ ውስጥ በርዶት የበሬው ትንፋሽ ያሞቀዋል። እረኞቹ ከደበሏቸው ላይ የተኙበትን ገለባና የማሽላ ፍሬ ያራግፋሉ። ውሃ መጠጫው ጋ ግመሎች ይጮኻሉ፣ አህዮች ይራገጣሉ፣ እግረኛና ፈረሰኛ ይሰዳደባል። ይህም ሁሉ ጭማሪ ነው! ነገር ግን ሁሉም ወደ ዋሻው እየሄደ ነው። መላእክቱ ሰው መሐል ይሄዳሉ፤ አይታዩም፣ ዱካቸው ብቻ በረዶው ላይ ይቀራል። ሰዎቹ ደጅ ሲደርሱ እመቤታችን እነማን ናችሁ ትላቸዋለች፤ ሁላችሁ በአንዴ አይሆንም፣ እዚያው በር ላይ ቆዩ። አራስ ቤት የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው! መጨረሻ ላይ አንዱን ሰብአ ሰገል ከጨለማው ውስጥ እጅ ቀስ አድርጎ ከግርግሙ ፈቀቅ ያደርገዋል፤ ዞር ሲል ኮከቧ ራሷ እንደ እንግዳ ደፍ ላይ ቆማ ድንግልን ታያለች። እዚህ ላይ «ይበል!» አልኩ፤ ጎረቤት ሰማ።

ልጅቱ በመጨረሻ የራሷን አነበበችልኝ። ሰብአ ሰገሎቿ ቦሌ ያርፋሉ፤ ወርቁን ጉምሩክ ይይዘዋል፣ ዕጣኑን ውሻ ያሸተዋል። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ከርቤውስ?»

«ቤት አልመታ ብሎኝ ተውኩት፣ አባባ።»

«ሰዎቹ ከምሥራቅ ድረስ ተሸክመውት መጥተው፣ አንቺ ቤት አልመታም ብለሽ ቦሌ ትጥይዋለሽ?»

አኩርፋ ክፍሏ ገብታለች፤ በከርቤ ቤት የሚመታ ቃል ትፈልጋለች። «ቀርቤ» ብላት እኮ ባንድ አፍ ያልቃል። አልነግራትም፤ እኔን ቅኔ ቤት ማን ነግሮኝ ያውቃል?