ተቀጽላ ደግሞ ይዘራል?

ሰው ጎመን ይዘራል፣ ጽጌረዳ ይተክላል። ተቀጽላ የሚዘራ ሰው አለ ቢሉኝ ግን እስቅ ነበር። አለ! የአክስቴ ልጅ ባል ነው። እንግሊዝ አገር፣ ሄርፎርድሺር ይኖራሉ። ፍሬው በደንብ የሚበስለው ገና ካለፈ በኋላ፣ በፌብሩዋሪና በማርች ነው አሉ። ሰውዬው በዚያ ብርድ ጓሮ ወጥቶ፣ ነጩን ፍሬ በጣቶቹ ጨምቆ፣ የሚያጣብቀውን ዘር በፖም ዛፉ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ ይለጥፋል። የለጠፈበት እንዳይጠፋበትም አጠገቡ ክር ያስራል። እሷ ታዲያ በየዓመቱ ትደውልልኝና «ዘንድሮም አልያዘለትም» ትለኛለች፤ ድምጿ ልቅሶ ቤት የተቀመጠች ያስመስላታል።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ደግሞ ቢይዝለትስ? በመጀመሪያው ዓመት የሚያየው ወደ ቅርፊቱ ጎንበስ ያለች አረንጓዴ ጭረት ብቻ ነው። ፍሬ እስኪያፈራ አራት አምስት ዓመት። ተቀጽላቸው ወንድና ሴቱ ለየብቻ ስለሆነ፣ የበቀለለት ሁሉ ወንድ ከሆነ ደግሞ ፍሬ የሚባል የለም። ይህ ሁሉ ለገና በር ላይ ሰቅሎ ከሥሩ ለመሳሳም ነው! ጎረቤታቸው ዉስተርሺር ውስጥ ቴንበሪ ዌልስ የምትባል ከተማ አለች፤ ገና ሲቃረብ ተቀጽላ በእስር በእስር እየቀረበ ጨረታ ይወጣበታል።

እኔ የምኖረው ካምፓላ፣ ካንሳንጋ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ አቮካዶ አለ፤ ላዩ ላይ ያለው ተቀጽላ ቴንበሪ ቢወጣ ጨረታውን ይዘጋ ነበር። ማንም ክር አላሰረለትም። አውራ ጣት የምታህል፣ ወገቧ ላይ ቢጫ ያለባት ወፍ ከጠዋት እስከ ማታ «ፖክ ፖክ ፖክ» ስትል ትውልና ፍሬውን ትበላለች። ዘሩን መልሳ ስትተፋው አፏ ላይ ይጣበቅባታል፤ እሷም ቅርንጫፉ ላይ ታብሰዋለች። አለቀ፤ ተዘራ። አፈር አይል፣ ማዳበሪያ አይል፣ እንጨቱን ሰርስሮ ይገባል። ሥራ ፈት እንዳይባል በቅጠሉ የራሱን ምግብ ያዘጋጃል፤ ውኃው ግን የአቮካዶው ነው።

ለሰውዬው አዘንኩና ማንበብ ጀመርኩ። ፕሊኒ የሚባል ሮማዊ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ሲጽፍ፣ የተቀጽላ ዘር በወፍ ሆድ ካላለፈ አይበቅልም ብሏል። «ባልሽን ወፍ አይደለህም በይው» አልኳት። ለካስ ፕሊኒ ተሳስቷል፤ ልጣጩ ከተነሳለት በቂ ነው። እኔ ግን ከፕሊኒ መላቀቅ አቃተኝ። ድሩይድ የሚባሉት የጥንት ካህናት ከኦክ ዛፍ ላይ ተቀጽላ ሲቆርጡ የሚያደርጉትንም ጽፏል፦ ጨረቃ በወጣች በ6ኛው ቀን፣ ነጭ የለበሰው ካህን ዛፉ ላይ ወጥቶ በወርቅ ማጭድ ይቆርጣል፤ ከታች በነጭ ልብስ ይቀበሉታል፤ ሁለት ነጭ ወይፈኖችም ይታረዳሉ።

የእኛም ደብተራ ቢሆን ዝም ብሎ ተቀጽላ አይልም። የምን ተቀጽላ? የቀጋ ነው የአጋም? እሑድ እኔ ዘንድ ቡና የሚጠጡ የአገሬ ልጆችም ይህን ስለሚያውቁ ሽቅብ አንጋጠው «እንዳትቆርጠው፣ መድኃኒት ነው» ይሉኛል። የምን መድኃኒት እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። አቮካዶ ከአሜሪካ የመጣ ዛፍ ነው፤ የትኛው የጥንት ብራና ላይ አግኝተውት ነው? ብቻ ሁለተኛውን ስኒ ጠጥተው ይሄዳሉ።

ቆራጭማ አግኝቼ ነበር። ፓንጋውን ስሎ፣ መሰላል ተውሶ መጣ። ተቀጽላውን ብቻ መልምሎ መተው ዋጋ የለውም፤ እንጨቱ ውስጥ የቀረው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ቅርንጫፉ ራሱ ዝቅ ተብሎ መቆረጥ አለበት። አከራዬ ይህን ሲሰሙ እየሮጡ ደረሱ። «ሴቦ፣ ዛፌ አረንጓዴ ነው፤ ምን አጠፋ?» አረንጓዴ! ዝናቡ ሲጠፋ የአቮካዶው ቅጠል ረግፎ፣ ቅርንጫፉ ከጫፉ እየደረቀ፣ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው ያው ተቀጽላው ነው። የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ የሚቀበሉት «የአትክልት ቦታ ያለው ቤት» ብለው ነው፤ የትኛው አትክልት እንደሆነ ግን አይለዩም። ዛፉ የእሳቸው ነው፤ ጣራዬ ላይ የሚወድቀው ደረቅ እንጨት ግን የእኔ! ድሩይዶቹ ሁለት ወይፈን የጣሉለትን ሥራ እኔ በቆራጭ የቀን ሒሳብ ላሠራ ብል ተከለከልኩ። ቆራጩም ሒሳቡን ተቀብሎ መሰላሉን ይዞ ሄደ።

አበባው ሲያብብ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል። ቀዩን ቱቦ ማር የምትጠጣው ወፍ በረጅም አፏ ስትነካው ቷ ብሎ ይፈነዳና ግንባሯን በብናኝ ይቀባዋል። የእንግሊዙ እንዲህ አያውቅም። ይህን ለአክስቴ ልጅ የነገርኳት ቀን «በቃ ከበርበሬው ጋር ጥቂት ፍሬ ላክልን» አለችኝ። የእኛው የሞቃት አገር ዘር ነው፣ ውርጭ አይችልም፣ ኤርፖርትም ይይዙታል ብላት አልሰማ አለች፤ ባሏ አሁን የመስታወት ቤት ስለመሥራት እያሰበ ነው።

ካምፓላ ያላችሁ፣ ዘሩን የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ቀይ ሆኖ በስሏል። መሰላል ይዛችሁ ኑ፤ አከራዬ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ናቸው።