የክኒን አንድምታ

ባለፈው ጥቅምት የጕልበቴን ሕመም ተሸክሜ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ ወርጄ ድብ ባሕር ከዘመድ ቤት ባረፍሁ ጊዜ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ፣ ለቡና ከተሰበሰቡት ጎረቤቶች መካከል አንዲት ትልቅ ሴት የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈትተው አንዲት ነጭ ክኒን ከመዳፌ አኖሩና «ዋጣት ልጄ፤ የእኔን ወገብ ያቃናች ናት» ቢሉኝ፣ ስሟ ማን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደ ታዘዘች ለመጠየቅ አፌን ከፈትሁ፤ በተከፈተው አፍ ውኃ አፈሰሱበት። ለአምስት ቀን የሚሆነኝንም ቋጥረው ሰጡኝ።

እንዲህ ያለ ቸርነት በየትኛው ሀገር ይገኛል? ሐኪም ዕድሜውን በትምህርት ፈጅቶ፣ ደምና ሽንት አስመርምሮ፣ «ጨጓራህን ያምሃልን? ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህን?» እያለ ሲያደርቅ ውሎ የሚደርስበትን ፍርድ ጎረቤት ፊት አይታ በአንድ ስኒ ትፈጽመዋለች። በ1947 ዓ.ም. ጐንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ይህን ሁሉ ዘመን በማስተማር የደከመው፣ ቡና አፍልቶ መጥራት ስላላወቀ ይሆናል።

የሚጎድለን ሥርዓት ብቻ ነው፤ እርሱንም ከአባቶቻችን መዋስ እንችላለን። ጐንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ የተለየባት የሊቃውንት ሀገር እንደ መሆኗ፣ እኛም ለክኒን ትርጓሜ ሊማሊሞን ድንበር አድርገን ለላይ ቤቱ ደባርቅ፣ ለታች ቤቱ ድብ ባሕር ላይ ወንበር እንትከልለት። መምህርቷ ከየቤቱ የተረፈው ክኒን ሁሉ ተደባልቆ የሚኖርባትን ሙዳይ ከፍተው አንዲቱን ፍሬ በሁለት ጣት ያነሡና ይተረጕማሉ፦ «ነጭ ክኒን አለ፤ የራስ ምታት ናት። አንድም የወገብ ናት። አንድም የወባ ናት። አንድም ጎረቤታችን ካረፉ በኋላ ከትራሳቸው ሥር የተገኘች ናትና፣ ለምን እንደ ታዘዘች ባይታወቅ ምሥጢር ናት።» ቀይና ጥቁሩ ፍሬ ግን ኅብሩ ሁለት ስለ ሆነ እንደ ቅኔ ይፈታል፤ ሽፋኑን ከፍተው ዱቄቱን ቍስል ላይ የሚነሰንሱት ሰሙን ጥለው ወርቁን ያገኙ ናቸው። ቀኑ ያለፈበት ብሉይ፣ ያላለፈበት ሐዲስ ይባላል፤ ሁለቱንም ያልዋጠ ምሉእ ሊቅ አይሆንም። ላይ ቤቶች «በባዶ ሆድ» ሲሉ ታች ቤቶች «በጠላ» ብለው ይረታሉ። ደቀ መዛሙርቱም አኮፋዳቸውን አንግተው፣ ውሻ እየጮኸባቸው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከየደጁ በቁራሽ ፈንታ የተረፈ ክኒን ይለምናሉ፤ ዐይኑን ተሸፍኖ ክኒኑን በምላሱ የለየ፣ እስከዚያ በሕይወት ከቈየ፣ በሰባተኛው ዓመት ይመረቃል። ከክኒኑ ጋራ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ የሚመጣው ወረቀት ለጉባኤው አያስፈልግም፤ በርበሬ ይቋጠርበታል።

በአምስተኛው ቀን ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። እኔም የታች ቤት ደቀ መዝሙር ነኝና «ሽሮው ነው፤ አንድም ጌሾው ነው» ብዬ ተረጐምሁት። በሰባተኛው ቀን ከመደቡ ስነሣ ዐይኔ ጨለመና ሰዎች ደግፈው ወደ ሐኪም ወሰዱኝ። ነጯ ክኒን ዳይክሎፌናክ ኖራለች፤ ሕመም ታስታግሣለች፣ ጨጓራ ታቈስላለች፣ ኩላሊትም ትጎዳለች። የጠቆረው ደሜ ነበር። ለአንዱ የታዘዘ መድኃኒት ለሌላው አይሰጥም፤ ይህን ለማወቅ ሊቅነት አያሻም! መድኃኒት ተውጦ ከንፈርና ምላስ ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ቆዳ እንደ ተቃጠለ ሲላጥ፣ አፍና ዐይን ሲቈስል፣ ሐኪም ቤት ለመሄድ ቶናው እስኪቀዳ አይጠበቅም።

የሊቃውንቱ ማስተዋል ግን ያስደንቃል። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ሪፋምፒሲን ወስዶ ሽንቱ ብርቱካን ቢመስል፣ ያ የማይጎዳ የመድኃኒቱ ቀለም ብቻ ሲሆን፣ «ደም አሸናው» ብለው የ6 ወሩን መድኃኒት በሁለተኛው ወር ያስጥሉታል፤ መድኃኒቱ ጉበቱን ጎድቶ የዐይኑ ነጭ ቢጫ ሲሆን ግን «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ክኒኑንም ሳያስቆሙ ሥር ይቀጠቅጡለታል።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ስለ ኖቤል ሽልማቱ ንግግር ሲያደርግ፣ ጕረሮውን ቢያመው ፔኒሲሊን በራሱ ፈቃድ ገዝቶ ጥቂት ብቻ ስለ ወሰደ፣ ተሕዋስያኑን በመግደል ፈንታ ስላስተማረ፣ ከዚያም በሚስቱ ላይ አጋብቶ ለሞት ስላበቃት ሰው ምሳሌ ተናግሮ ነበር። ከባልየው የተረፈውን ማን እንደ ወሰደው አልተናገረም፤ ድብ ባሕርን አላየማ። የእኛዎቹ የቀድሞ ሰዎች እንኳ መድኃኒት ያለ ቦታው ቅጣት እንደ ሆነ አይጠፋቸውም ነበር፤ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለውን ካሳን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብሎ የዛተው ደጃዝማች ወንድይራድ በተማረከ ጊዜ የቀረበለት መጠጥ ኮሶ እንደ ነበር ይተረካል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለ ምግብና መድኃኒት ብዙ ሲደነግግ ሙዳይን ረስቷታል። መድኃኒት ስላደረሰው ጉዳት ጥቆማ የሚቀበለው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም 8482 የሚል ነጻ የስልክ መስመር አለው፤ እኔ ስደውል ግን «መድኃኒቱን ማን አዘዘልዎ?» ቢሉኝ የማን ስም ልጥራ?

የድብ ባሕሯ እናት መታመሜን ሰምተው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸውና፣ ሊማሊሞን በሚወጣ መኪና ለጨጓራ የሚሆን ልከውልኛል፤ ሦስት ቢጫ ክኒንና አንድ ግማሽ። የተጠቀለሉበት ወረቀት በርበሬ በርበሬ ይሸታል።