ዙን እና 366ኛው ቀን

አፕል በ2001 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) አይፖድን በ399 ዶላር ሲያወጣ «ለሙዚቃ ማጫወቻ ይህን ሁሉ?» ብለው ያሾፉ ነበሩ። ከአሿፊዎቹ ስንቱ ኋላ ነጩን ገመድ ከጆሮው እንዳንጠለጠለ እግዜር ይወቀው።

ማይክሮሶፍት በ2006 ዙን የተባለ የራሱን ሙዚቃ ማጫወቻ ይዞ ብቅ አለ። ከጥቁሩና ከነጩ ሌላ ቡናማም ነበረው። ቡና በቀን ሦስቴ ካልጠጣን ራሳችንን የሚያመን እኛ እንኳ ያንን ቀለም ደፍረን ማመስገን ይከብደናል። ዘፈን ያለ ገመድ ለሌላ ዙን መላክም ይቻል ነበር፤ ተቀባዩ ግን ቢበዛ ሦስት ጊዜ ይሰማዋል፣ አለዚያም በሦስት ቀኑ ያበቃለታል። ሰልስቱን ማውጣት እንግዲህ የተቀባዩ ፋንታ ነው። ለነገሩ ዙን የያዘ ሌላ ሰው በአቅራቢያ ማግኘቱ ራሱ ስለት የሚያስገባ ነበር።

ጉዱ የመጣው ታኅሣሥ 31 ቀን 2008 ነው። ዓመቱ 366 ቀን ነበረውና፣ የ30 ጊጋባይቱ ዙን ቀን ቆጣሪ ፕሮግራም የመጨረሻዋን ቀን ምን እንደሚያደርጋት ጠፍቶት መውጫ በሌለው ዙር ውስጥ ገባ፤ ዙኖቹም ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ጳጉሜን 6ን በየአራት ዓመቱ ያለ ኮምፒውተር የሚቆጥሩት የአገራችን ደብተራዎች ቢጠየቁ ኖሮ በነፃ ያስረዱ ነበር። የኩባንያው መፍትሔ ደግሞ ይህ ሆነ፦ ባትሪው ተሟጦ ይለቅ፣ በማግስቱ በግሪንዊች ሰዓት እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ኃይል ሞልታችሁ አስነሡት። በአጭሩ፣ ቀኑ እስኪያልፍ ጠብቁ! እንዲህ ያለውን ሕክምና ጎረቤታችን እትዬም ያዙልን ነበር፤ ያውም ከቡና ጋር።