ከአሮጌው ኤንትሬ ለዋግ ሹፌርና ረዳት የወጣ ዐዋጅ

ሞዐ ዐቀበት ዘእምነገደ ፊያት፣ ኤንትሬ፣ ሥዩመ ናፍጣ፣ ንጉሠ ኮረኮንች!

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የመንገዳችንን ጠላት፣ ናፍጣ በውሃ የሚበርዘውን ነጋዴና በሚዛን ፊት ኩንታል የሚደብቀውን ደላላ ጆሮውን ይድፈነው!

ሰቆጣ በቀደመው ዘመን ከአርሆ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባት ገበያ ስለ ነበረች፣ ዋግሹሞቿም ከዛጉዌ ነገሥታት በመወለዳቸው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ተቀምጠው የመነጋገር ክብር እንደ ነበራቸው ስለሚተረክ፣ እኛም የዚያ የጨው ነጋዴ ወራሽ ሆነን ወንበራችን በገመድ የታሰረ ቢሆንም ተቀምጠን መናገር እንዳይከለከልብን ፈቅደናል። ደግሞም መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. እንዲያከትም በዚህችው ከተማ ስም ቃል ኪዳን ገብቷልና፣ እህሉም ዘይቱም በክንፍ ስለማይመጣ፣ ስለ ተሸካሚው አንድ ቃል መጨመር ድፍረት አይሆንም።

ስለ ትውልዳችን። ፊያት 682 የተባለው አባታችን እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. በኢጣልያ ተወልዶ እኛን ኤንትሬዎችን አፈራ። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ከፋሺስት ጋር ተዋግተው አንገታቸውን በሰጡበት ምድር የኢጣልያ ዘር ሆኖ መገኘት እንደሚያሳፍር አንክድም፤ ነገር ግን ጓርኒሲዮናችን ከካርቶን ተቀዶ፣ ባላስትራችን ከሞተ ወንድማችን ተወርሶ፣ የሰልባትዮአችን ቀዳዳ በሳሙና ተደፍኖ፣ ኩሽኔታችንም ከየት እንደ መጣ መካኒኩ ብቻ የሚያውቀው ምሥጢር ሆኖ ስለሚኖር፣ በሥጋችን ውስጥ የቀረው ኢጣልያዊ ነገር ከስሙ በቀር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የዋግ ተወላጆች ነን፤ ይህን የሚጠራጠር ቢኖር መከለያችንን ገልጦ ይመልከት።

ስለ ቁልቁለት። ከኮረም ወደ ሰቆጣ የሚመጣም ሆነ ከደጋው ወደ አበርገሌና ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርድ ሹፌር፣ ያንን ገደል ሽቅብ ቢወጣው ኖሮ በሚወጣበት ማርሽ ይውረድ፤ ወደ ከባዱ ማርሽ የሚገባውም ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሳለ እንጂ መኪናው ከበረረ በኋላ አይሁን፤ ያን ጊዜ ካምቢዮው ይጮኻል እንጂ አይታዘዝምና። ናፍጣ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሹን አውጥቶ በዜሮ የሚለቅ፣ የቆጠበው ናፍጣ ለተዝካሩ እንኳ የማይበቃ መሆኑን ይወቅ። ፍሬን ለማቆሚያ ተፈጠረ እንጂ ተራራን ሙሉ ለመሸከም አልተፈጠረም፤ ሸራው ጋለና ሸተተ ማለት ያለ ፍሬን ለመቅረት ጥቂት ቀርቷል ማለት ነው። የፍሬኑ ንፋስ ሳይሞላ ጎማ ያንቀሳቀሰማ፣ ከሥልጣነ መሪው ተሽሮ ሦስት ወር የጎሚስታ ፓምፕ ይርገጥ።

በደጋው አየሩ ስስ ነውና ናፍጣው ጨርሶ ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ይህን ዕጣን ያደረገው የተጫነ ነዳጅ መስጫ ነው፤ ሹፌሩ እግሩን ይሰብስብ። በቆላ ደግሞ ራዲያተራችን ፈልቶ ሲያፏጭ ክዳኑን ወዲያው የሚከፍት፣ ፊቱ ራሱ ይፈርድበታል።

ስለ ረዳት። (እዚህ ላይ ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን።) አገሩ በቀኝ ሲነዳ ከመካከላችን መሪያቸውም በቀኝ የሆነ አሉና፣ ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን መኪና አልፎ ለመሄድ ሲያስብ የሚመጣውን የሚያይለት የረዳቱ ዐይን ነው። በዳገት ሞተር ሲጠፋ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ የሚወትፍ፣ ሌሊት ጭነቱ ላይ በብርድ የሚያድር፣ ጎማ የሚፈታ፣ በመንጋቱም «ሰነፍ» ተብሎ የሚሰደብ እርሱ ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ደሞዙ በወሩ ይከፈለው፤ ሹፌሩ ጥብስ ሲያዝም «ለልጁ ሽሮ» ማለት በዚህ ዐዋጅ ተሽሯል። መሪ መለማመጃውም በባዶ መኪናና በቀን ይሁን እንጂ፣ ሹፌሩ ጠጅ በጠጣበት ምሽት አይሁን።

ስለ አዲሶቹ ሲኖትራኮች ብዙ አንናገርም። ቀይ ናቸው፤ ይቸኩላሉ።

ይህ ዐዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ አይወጣም፤ በነጋሪት ፈንታ የተላቀቀው ስፖንዳችን ይጎሰምበታል። ሞቶሪኖአችን ሥራ ከፈታ ቆይቷልና፣ አፍንጫችንን ወደ ቁልቁለት አዙረን በሰቆጣ ገበያ ዳር እንደ ቆምን ተጽፏል። የሚጸናውም ረዳቱ ታኮውን ካነሣበት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ሞተሩ በዚያ ካልተነሣ ግን ተሳፋሪው ሁሉ፣ ዳኛም ይሁን ደብተራ፣ ወርዶ ይግፋ።