ከራስ ደጀን በላይ ወዴት ይወጣል?

«ስሜን ተራሮች ላይ ያለው ጊች እኮ ብርድ ነው፤ ትንሽ ቢሞቅ ምን ይጎዳል?» ይለኛል ደባርቅ ላይ ጋቢ የደረበ ወንድሜ።

አንተ ሲሞቅህ ጋቢህን ታወልቃለህ። ለውርጭ የተፈጠረው ተክል፣ ጅብራ፣ ምኑን ያውልቅ?

«ወደ ላይ ይውጣላ!»

አስታ የሚባለው ዛፍማ እየወጣ ነው። የድሮ ፎቶግራፎችን ከዛሬው ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎች የስሜን የዛፍ ድንበር ከፍ ማለቱን አይተዋል፤ ሙቀቱም የግጦሹ ሁኔታም እጃቸው አለበት። ግን ሂሳቡን እንቁጠር። መቶ ሜትር በወጣህ ቁጥር በግምት 0.6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አየሩ አንድ ዲግሪ ከሞቀ፣ ተክሉ የለመደውን ብርድ ለማግኘት ከ150 ሜትር በላይ መውጣት አለበት። ጊች 3,600 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ ራስ ደጀን 4,550 ገደማ። ከዚያ ወዲያ ሰማይ ነው። ደግሞ አስታው የሚወጣው ወደ ባዶ ቤት አይደለም፤ የጓሳ ሣርና የጅብራ አገር ነው። ተራራ ሽቅብ ሲሄድ እየጠበበ ነው የሚሄደው፤ እነሱን ገፍቶ የት ሊያደርሳቸው?

«ጥፋቱ ሁሉ የጊች ገበሬ ነው» ይላሉ አንድ ጋሼ።

ጋሼ፣ ግጦሹና እርሻው ተራራውን ጎድተውታል፤ አልክድም። ነገር ግን የጊች ሰው በ2008 ዓ.ም. የአያቱን ቀዬ ለቆ ወደ ደባርቅ ወርዷል። የዓለም ሙቀት አብሮት ወረደ? በ2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ሣሩ እንደ ጭድ ደርቆ ነበር። ማንም ይለኩሰው፣ ድርቀት ክብሪቱን ሰደድ ያደርገዋል። እርዳታ ከኬንያና ከእስራኤል እስኪደርስ በቅጠል እየደበደበ የታገለው እኮ ያው የአካባቢው ሕዝብ ነው!

«እንግዲያው ባሕር ዛፍ እንትከልበት» ትላለች ሌላዋ።

እታለም፣ ባሕር ዛፉን ለማገዶና ለቤት ሥራ ታች ደጅሽ ትከዪው። ላይኛው አገር የራሱ ዘር አለው። ከብት ካልረገጠው፣ እሳት ካላገኘው፣ አስታው በራሱ ይበቅላል።

«ጅብራ ግን ምን ይጠቅማል? አይታነጽበት፣ አይበላ!»

ጅብራ ዓመታት ጠብቆ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን በትኖም ይሞታል። ሁለተኛ ዕድል የለውም። ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ፣ በዚህ ክፍለ ዘመን መገባደጃ አብዛኛው መኖሪያው ሊጠፋ እንደሚችል አጥኚዎች አስጠንቅቀዋል። ዘንድሮ ጊች ላይ የሚበተነው ዘር የሚያብበው እኔና አንተ ካረጀን በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚያብብበት ብርድ ይቆየው።