አያት ይፈለጋል፤ ንጉሥ ቢሆን ይመረጣል

በበጋ ወራት የምዕራብ አየርላንድን ገጠር የረገጠ ሰው ከዝናቡና ከበጉ ቀጥሎ የሚያየው፣ መካነ መቃብር ውስጥ የተንበረከከ አሜሪካዊ ነው። ጸሎት ላይ እንዳይመስላችሁ። በአንድ እጁ የመላጫ አረፋ፣ በሌላው የሽቦ ብሩሽ ይዞ ድንጋይ እየላጨ ነው። ሚስቱ ዣንጥላ ዘርግታለት ከኋላው ቆማለች። «መርፊ ይላል እንዴ?» ትለዋለች። «ቆይ እስኪ!» ይላታል። አረፋውን ድንጋዩ ላይ ይለቀልቃል፤ በካርቶን ቁራጭ ይጠርገዋል፤ በፊደሉ ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ነጭ አረፋ ስሙን ያወጣዋል። «መርፊ ነው!» ይተቃቀፋሉ። ፎቶ ይነሳሉ። የማን መርፊ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ስለዚህ ነገር ጮኸው ጮኸው ደክሟቸዋል። በአረፋው ውስጥ ያለው ኬሚካል ድንጋዩን ይበላዋል፤ ብሩሹም የድንጋይ ሽበቱን ብቻ ሳይሆን ፊደሉንም ይዞት ይሄዳል። ለማንበብ የሚያስፈልገው መስታወት ወይም የእጅ ባትሪ ነው። ብርሃኑን ከጎን ሲለቁበት በጽሑፉ ውስጥ ጥላ ይገባና ፊደሉ ራሱን ያሳያል። ወጪም ጉዳትም የለበትም። ግን ከአሜሪካ ድረስ መጥቶ ባትሪ አብርቶ መመለስ ሥራ የተሠራ አይመስልም፤ ስለዚህ ይፋቃል። ዘንድሮ አያቱን ሊያነብ የመጣ ሰው ለከርሞው እንግዳ አያት ሳያስቀር ይሄዳል።

ተፍቆ ተፍቆ የሚነበበውም ነገር ጉድ ነው። በብዙ የአየርላንድ መቃብሮች ላይ መጀመሪያ የሚመጣው የሟቹ ስም አይደለም፤ ድንጋዩን ያሠራው ሰው ስም ነው። «ይህን ያቆመው የእንዲህ ያለ ጎጥ ነዋሪ እገሌ ነው» ይልና፣ ወረድ ብሎ «ለአባቱ መታሰቢያ» ይላል። ከፋይ ከላይ፣ ሟች ከታች። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከፋዩ በኒው ዮርክ ወይም በቦስተን እንደሚኖር አብሮ ተቀርጿል፤ ሟቹ እንዲያውቀው ሳይሆን ጎረቤት እንዲያነበው መሆኑ ግልጽ ነው።

ደግሞስ ድንጋይ ማን አስቀረጸ? ገንዘብ የነበረው። ጭሰኛው የሚቀበረው ከማሳ የተለቀመ፣ አንድ ፊደል ያልተጻፈበት ድንጋይ ራስጌው ተተክሎ ነው። ከ1845 ጀምሮ (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ድንቹ ማሳ ላይ እየበሰበሰ ሕዝቡ ሲያልቅ፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የደሴቲቱ ሕዝብ በ1851 ስድስት ሚሊዮን ተኩል ሆነ። በረሃብ ከአገሩ የወጣ ሰው ለአባቱ ሐውልት አስቀርጾ አልሄደም። እንግዲህ የዚያ ስደተኛ የልጅ ልጅ ልጅ በአረፋ እየላጨ ያለው ምናልባት የአያቱን ሳይሆን፣ አያቱን ከመሬቱ ያስነሳውን ሰው ድንጋይ ነው። ስሙ መርፊ እስከሆነ ድረስ ግን ማን ግድ አለው?

መርፊ በአየርላንድ እጅግ የበዛው የቤተሰብ ስም ነው። በዚያ ላይ የልማዱ ስም አወጣጥ አለ፤ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት ስም ይጠራል። አንድ ፓትሪክ አምስት ወንዶች ልጆች ከወለደና ሁሉም ልማዱን ካከበሩ፣ በአንድ ጎጥ ውስጥ አምስት ትንንሽ ፓትሪኮች ይርመሰመሳሉ። ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን የአይሪሽ ዘር አለን ይላሉ፤ ሪፐብሊኩ ራሱ ያለው ሕዝብ ከአምስት ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም። በየዓመቱ «ፓትሪክ መርፊ የሚባል አያት ነበረኝ፤ ታውቁታላችሁ?» የሚል ጠያቂ ሲመጣ፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሳይስቅ መመለሱ በራሱ ሙያ ነው።

አያት አልገኝ ሲል ጥፋቱ የእሳቱ ነው። ይህ እሳት እውነተኛ ነው። በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ላይ፣ ሰኔ 30 ቀን 1922፣ በደብሊን የፍርድ ቤቶቹ ግቢ ውስጥ የነበረው ቤተ መዛግብት በፍንዳታና በቃጠሎ ወደመ። የ1821፣ የ1831፣ የ1841 እና የ1851 የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር እዚያው ነደዱ፤ የመዛግብቱ አመድ በከተማው ላይ ሲበን ዋለ። ከዚያ ወዲህ አያቱን ያጣ ሁሉ ጣቱን ወደዚያ ግቢ ይቀስራል። የ1861ዱና የ1871ዱ ቆጠራ ግን ጥይት ሳይተኮስ በመንግሥት ትእዛዝ ነው የጠፋው፤ አኃዙ ከተደመረ በኋላ ወረቀቱ ምን ያደርጋል ተብሎ። የ1881ዱና የ1891ዱ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተፈጭቶ ወረቀት ሆነ። ታጣቂዎቹ አራት ቆጠራ አቃጠሉ፣ ጸሐፊዎቹም አራት አጠፉ፤ እኩል ወጡ። በታሪክ የሚወቀሰው ግን ጠመንጃ የያዘው ወገን ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተርፎ በሙሉ ያለው የ1901 እና የ1911 ቆጠራ ነው፤ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ በነጻ ያየዋል። የካቶሊክ አጥቢያዎች የጥምቀትና የጋብቻ መዛግብትም ከ2015 ጀምሮ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በኩል በነጻ ተለቀዋል፤ የቄሶቹን የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ ግን ትዕግሥትም መነጽርም ያስፈልጋል። ከ1847 እስከ 1864 የታተመው የግሪፊዝ የመሬት ግምት የሚባል መዝገብም አለ። የተዘጋጀው ለግብር ስለሆነ የሚጽፈው የቤቱን አባወራና የባለመሬቱን ስም ነው። የማሳውን ስፋት እስከ ሽርፍራፊው ያውቃል፤ የሚስቱንና የልጆቹን ስም አያውቅም። መንግሥት ዜጋውን የሚያውቀው በሚያስከፍለው ልክ ነበር።

ከመዛግብቱ ሁሉ እኔ የምወደው ግን የጡረታውን ጉዳይ ነው። በ1908 የወጣው ሕግ 70 ዓመት ለሞላው ደሃ በሳምንት አምስት ሺሊንግ ይሰጥ ጀመር። አየርላንድ ውስጥ ልደት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው በ1864 ስለነበር፣ በጊዜው የ70 ዓመት ሰው ልደቱን የሚያሳይ የመንግሥት ወረቀት አልነበረውም። የሁለቱን ቆጠራዎች ቅጽ ጎን ለጎን ለዘረጋ ሰው ትርዒት ነው። በ1901 55 ዓመቴ ነው ያለው ገበሬ በ1911 72 ሆኖ ብቅ ይላል። በአሥር ዓመት 17 ዓመት አርጅቷል። ሚስቱም አልቀረችም፤ አብራው ሮጣለች።

ወረቀት ከሌለ ምስክሩ ትዝታ ነው። በጥር 6 ቀን 1839 ሌሊት አየርላንድን የመታ ከባድ አውሎ ነፋስ ነበረና፣ «የትልቁን ነፋስ ሌሊት አስታውሳለሁ» ያለ አመልካች ዕድሜው 70 ደረሰ ማለት ነው። ያን ሌሊት የሚያስታውሱ ሰዎች ቁጥር በድንገት በረከተ። እኛም ዕድሜያቸው ሲጠየቅ «ጣሊያን ሲገባ ከብት እጠብቅ ነበር» የሚሉ አባቶች ያሳደጉን ስለሆንን ነገሩ አይከብደንም፤ ልዩነቱ የኛዎቹ ሺሊንግ ሳይከፈላቸው መናገራቸው ነው። ምስክሩ ያላሳመነው ጽሕፈት ቤት የአመልካቹን ልጅነት ፍለጋ የ1841ን እና የ1851ን ቆጠራ ያስገለብጥ ነበር። ያ ቆጠራ በ1922 ሲቃጠል የፍለጋ ቅጾቹ ተረፉ። ዛሬ የአንዳንድ ቤተሰብ የ1851 ትዝታ የቆየው፣ አንድ ሽማግሌ ለአምስት ሺሊንግ ሲል መንግሥትን ስላስቸገረ ነው። እኔ አያት ምረጥ ብባል ይህን ሰውዬ ነበር የምወስደው። ሐውልት የሚላጨው መንገደኛ ግን እሱን አይፈልገውም፤ እሱ የሚፈልገው ንጉሥ ነው።

ንጉሥም አልጠፋም። በ2006 የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ ከአምስት ወንዶች አንዱ የሚጋራው የዘር ምልክት አግኝተው፣ ምንጩ የዘጠኙ ታጋቾች ንያል የሚባለው የጥንት ንጉሥ ወይም ወገኑ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። «ሊሆን ይችላል» የሚለው ሐረግ አትላንቲክን ሲሻገር ሰመጠ። ምራቁን በብልቃጥ የላከ ሁሉ የንጉሥ ዘር ሆኖ አደረ። ያን ያህል መሳፍንት የነበረበት አገር ድንቹን ማን እንደቆፈረው የሚጠይቅም አልተገኘ።

ሰዉ ሁሉ እንዲህ ሲሆን ትልልቆቹስ? በጥር 1 ቀን 1892 በኒው ዮርክ ኤሊስ ደሴት የስደተኞች መቀበያ ሲከፈት መጀመሪያ የገባችው አኒ ሙር የምትባል የኮርክ ልጅ ነበረች። የአሥር ዶላር ወርቅ ተሰጣት፤ ኋላም በአትላንቲክ ሁለቱም ዳርቻ ሐውልት ቆመላት። ለብዙ ዓመታት አሜሪካ የሚያውቀው፣ አኒ ወደ ምዕራብ ሄዳ ቴክሳስ ውስጥ መኖሯን ነበር። የቴክሳሷ አኒ ዘሮች በየክብረ በዓሉ ይጠሩ ነበር። በ2006 አንዲት የዘር ሐረግ ተመራማሪ መዝገቡን ስትገልጥ፣ የቴክሳሷ አኒ ሙር የተወለደችው ኢሊኖይ ሆኖ ተገኘ፤ ስደተኛ አልነበረችም። እውነተኛዋ አኒ ከኒው ዮርክ ሳትወጣ በድሆች ሠፈር ኖራ፣ ወልዳ፣ የልጆቿን ሞት አይታ በ1924 ሞታለች። ኩዊንስ ውስጥ የተቀበረችበት ቦታ እስከ 2008 ድረስ ምልክት አልነበረውም። ሁለት የነሐስ ሐውልት ያላት ሴት የመቃብር ድንጋይ አልነበራትም።

ባራክ ኦባማ በእናቱ በኩል ፋልማውዝ ካርኒ የሚባል፣ የጫማ ሠሪ ልጅ የሆነ ቅድመ አያት አለው፤ በ1850 ከመኒጎል መንደር ወደ አሜሪካ የሄደ። ፕሬዚዳንቱ በግንቦት 2011 መንደሯን ጎበኘ፤ ጊነስ ጠጣ፤ በ2014 በአውራ ጎዳናው ዳር በስሙ የመኪና ማረፊያ ከነነዳጅ ማደያው ተከፈተ። ካርኒ የሚቆጠረው በአምስተኛው ትውልድ ነው። በዚያ ደረጃ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው 32 ቅድመ አያቶች አሉት። ሌሎቹ 31 ማደያ አልተከፈተላቸውም።

ይህን ሁሉ ጥማት ያየው የአየርላንድ መንግሥት ዝም አላለም። በ2011 የአይሪሽ ዘርነት የምስክር ወረቀት ማተም ጀመረ፤ ዜግነት ለማይደርሳቸው፣ ግን ግድግዳ ላላቸው። ዋጋው 40 ዩሮ ያህል ነበር፤ ክፈፍ የፈለገ ጨምሮ ይከፍላል። በአራት ዓመት ውስጥ የተሸጠው 3,000 ሳይሞላ በ2015 ቀረ። እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ በሰጡ ማግስት የሆነውን ደግሞ እዩ። አንድ አያቱ በአየርላንድ ምድር የተወለደ ሰው ዜግነት መጠየቅ ይችላልና፣ በ2016 የአይሪሽ ፓስፖርት አመልካች ከብሪታንያ ጎረፈ። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ኮርክ ሴት አያቱ አንድ ቃል ተናግሮ የማያውቅ ሰው የልደት ወረቀቷን ፍለጋ መሳቢያ ይበረብር ጀመር። እሷም ብትሆን እንዲህ ተናፍቃ አታውቅም።

የዘር ፍለጋ ዳር ድንበር የት እንደሆነ ማወቅ ለሚፈልግ ባሊፖሪን አለችለት። የሮናልድ ሬጋን ቅድመ አያት በ1829 የተጠመቀው በዚች የቲፐሬሪ መንደር ነው፤ መዝገቡ ይናገራል። ሬጋን በ1984 ሲጎበኛት መንደሯ መጠጥ ቤቷን በስሙ ሰይማ ጠበቀችው። መጠጥ ቤቱ በ2004 ተዘጋ። የሬጋን ቤተ መጻሕፍት ባንኮኒውንና ዕቃውን ገዝቶ ወሰደው። ባሊፖሪን ሄዳችሁ በሬጋን ባንኮኒ አንድ ብርጭቆ ልጠጣ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ባንኮኒው ያለው ሲሚ ቫሊ፣ ካሊፎርኒያ ነው።