አምስት ቁጥር

የድሮው የልደታ ሰፈራችን ሳይፈርስ፣ ሰው ሲሞት የሚያሳውቀን ጥሩንባ ነፊው ነበር። ጎህ ሳይቀድ በየቅያሱ እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጣራል፤ ሰሚው ገና ከአልጋው ሳይወርድ ለማን እንደሚያለቅስ ያውቃል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ያ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ተነሣ። አንዱ ጀሞ ገባ፣ አንዱ አየር ጤና፤ እኔ እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቀረሁ። እድራችን ግን አልፈረሰም። ጥሩንባው ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ተዛወረ እንጂ።

መዛወሩን ያወቅሁት ቀብር ካመለጠኝ በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት የካቲት ውስጥ አብሮ አደጌ ሞቶ ሳልቀብረው ቀረሁ። መልእክቱ ለሁሉም ደርሷል፤ በእኔ ባለ ቁልፍ ስልክ ግን ቴሌግራም የለም። በሠልስቱ ስደርስ ሚስቱ ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች። ከዚያ ዝምታ የከበደ ወቀሳ ገጥሞኝ አያውቅም። በሳምንቱ ስማርት ስልክ ገዛሁ።

እንጀራዬ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ አቤቱታ መጻፍ ነው። ፍቺ፣ ውርስ፣ የቀለብ ጥያቄ፣ የአባትነት ክርክር፤ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ገመና በእጄ አልፏል። በታይፕ ዘመን አዲስ ካርቦን አንዴ ከተመታበት በኋላ ወደ ብርሃን ቢይዙት ጽሑፉ ይነበብ ነበር። ስለዚህ የባልና ሚስት ጉዳይ የጻፍሁበትን ካርቦን ሁለተኛ አልነካውም፤ ማታ ቤቴ ወስጄ እሳት ውስጥ እጨምረዋለሁ። ይህን አድርግ ያለኝ ሰው የለም። እንባዋን እየጠረገች ያወራችኝ ሴት ነገር ለሱቅ ስኳር መጠቅለያ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ልጄ ቴሌግራሙን ጭናልኝ ቡና ልታፈላ ወደ ጓዳ ገባች። ስልኩ የመዘገብኋቸውን ስሞች ለማየት ፈቃድ ሲጠይቀኝ እሺ አልሁት። እድሩን ለማግኘት የግድ መስሎኝ ነበር። ደንበኞቼን የምመዘግበው ደግሞ በስማቸው አልነበረም፤ በጉዳያቸው፣ አንዳንዴም በሰፈራቸው ነበር። «ፍቺ ሜክሲኮ»፣ «ወንድሟን የከሰሰች»፣ «ዲኤንኤ ኮካ»። ያ ሁሉ ከኪሴ ወጥቶ የት እንዳለ ወደማላውቀው መዝገብ ተሻገረ። ቁጥሬን የያዙ ሰዎችም መግባቴ ተነገራቸውና ሰላምታው ይዘንብ ጀመር። ልጄ ስኒ ይዛ ተመልሳ በትከሻዬ በኩል አየችና «አባዬ፣ ይቺ ዲኤንኤ ኮካ ደግሞ ማን ናት?» አለችኝ። ስልኩን ደረቴ ላይ ለጠፍሁት። የገዛ ልጄ እንኳ ማንበብ ያልነበረባት ነገር ነው።

ያን ጊዜ ነቅቼ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግሩፑ ውስጥ ግን የድሮው ሰፈር ሰው ሁሉ አለ። የፈረሰው የወፍጮ ቤት ፎቶ፣ የጥምቀት ሎሚ ወሬ፣ የሞቱ እናቶቻችን በነጠላ ተከናንበው የተነሡት ምስል። ስንት ሌሊት ሳልተኛ አነጋሁ! ሰዉን ማመን ደግሞ የልጅነት ልማዴ ነው። በዚያ ሰፈር የአንዱ ቤት ግድግዳ የሌላው ግድግዳ ነበረ፤ የጎረቤቱን ጠብ ያልሰማ የለም፤ ጠዋት ግን ሁሉም እንዳልሰማ ሆኖ ደህና አደራችሁ ይባባላል። ገመናችንን የሸፈነልን ጭቃው አልነበረም፤ ያ እንዳልሰሙ መሆን ነው።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ከነዚሁ ሰዎች በአንዱ ስም መልእክት መጣልኝ። «ወንድሜ እንደምን አለህ? ስልኬ ተበላሽቶብኝ ኮድ በአንተ ቁጥር አስልኬ ነበር። ቶሎ ብለህ ላክልኝ» ይላል። ኮዱ እውነትም መጣ፤ አምስት ቁጥር። ከቁጥሩ በታች ለማንም እንዳይሰጥ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ነበረ፤ በእንግሊዝኛ ነውና አላነበብሁትም። ላክሁ። የወዳጄ አካውንት ከእኔ በፊት ተሰርቆ ኖሯል፤ የጠየቀኝ እርሱ አይደለም፤ ኮዱም የእርሱ ሳይሆን የራሴ በር ቁልፍ ነው።

ሌባው በስሜ ገብቶ ለማውቀው ሰው ሁሉ ጻፈ። ሆስፒታል ነኝ፣ አምስት ሺህ ብር ቸግሮኛል፣ በዚህ ቁጥር ቴሌብር አድርጉልኝ። የመጀመሪያው ደዋይ «የትኛው ሆስፒታል ነህ?» ሲለኝ ጠረጴዛዬ ላይ አቤቱታ እየጻፍሁ ነበር።

የገንዘቡ ነገር ያስቆጫል። ሌት የሚያባንነኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አንዲት እናት የልጇን የሕክምና ማስረጃ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ልካልኝ ነበር፤ እርሱም እዚያው ተቀምጧል። ሌባው አይቶት ይሁን አይሁን ማወቂያ መንገድ የለኝም። ደውዬ ነገርኋት። ረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «አደራ ብዬ ነበር እኮ» አለችኝ።

ሕጉን አላውቅም ማለት አልችልም። የግል ሕይወት መከበርን የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26 በስንት አቤቱታ ላይ ጠቅሼዋለሁ፤ ደብዳቤንም የስልክ ግንኙነትንም ይጠብቃል። በ2008 ዓ.ም. የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ወጣ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ጸደቀ፤ የሰው መረጃ የሚሰበስብ ለተናገረው ዓላማ ብቻ እንዲጠቀምበት ያስገድዳል። ሁሉም ደግ ሕግ ነው። ግን ተበድያለሁ ለሚል ሰው ነው የሚደርሱት፤ እኔ በሬን በገዛ እጄ ነው የከፈትሁት፤ የተበደለችውም ያቺ እናት ናት።

ልጄ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ የቆዩትን እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንዲያባርር አይፈቅድም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከፈጠነ ይቀድማል። እኛም ቀደምን። ማስተካከያው ውስጥ ገብታ የማናውቀውን ስልክ አስወጣችው። ከኮዱ ሌላ ራሴ የማወጣው የይለፍ ቃል ተጨመረ፤ ይህ ቢኖር ኖሮ አምስቱ ቁጥር ብቻውን አያስገባም ነበር። ስልክ ቁጥሬን ማንም እንዳያይ ዘጋን፣ የተሻገሩትን ስሞች ከዚያ መዝገብ አጠፋን። ስልኬ ላይ የቀሩትን ደግሞ ብቻዬን ተቀምጬ አንድ በአንድ ቀየርሁ። «ዲኤንኤ ኮካ» አሁን በአባቷ ስም ነው ያለችው።

ግንቦት 1 የልደታ ለት ግቢያችን ውስጥ ንፍሮ ተቀቀለ። ከጀሞም ከአየር ጤናም የድሮ ጎረቤቶች መጡ። እትዬ፣ እናቴ ስትሞት ሰባት ቀን ከአጠገቤ ያልተለዩት፣ ከዕቁባቸው ሦስት ሺህ ብር ለዚያ ሌባ ልከው ኖሯል። ገንዘቡን በፖስታ ይዤ ጠበቅኋቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እትዬ፣ በእኔ ጥፋት የሄደብዎት ነው፤ ይቀበሉኝ።»

«ለማን ብዬ ላክሁት? ለአንተ ብዬ ነው። ታመመ ብለውኝ ልተኛ ኖሯል?» ፖስታውን ወደ ኪሴ መለሱትና ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። «ይልቅ ያንተን የዘጋህበትን ለእኔም ዝጋልኝ።»

ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልጄ ያሳየችኝን መንገድ እየተከተልሁ የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ቦታ ደረስሁ። ስልኩን መልሼ ሰጠኋቸውና ለማንም የማይነግሩትን ቃል እንዲያስገቡ ነገርኋቸው።

እትዬ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«እንግዲያስ ዞር በልልኝ» አሉኝ።

ፊቴን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞርሁላቸው።